ደመና ሳይኖር የሞላ ውሃ

ዑበይዳ ወንድሜ፣

ዛሬ ጁሀርና ባለቤቱ ኑርሀያት ከኮበር ከተማ ወጣ ብለን አል ዐዚዚያ ባሕር ዳር እንድንሰፍር ወሰዱኝ። ጁሀር የካፊሉን፣ የአሠሪውን፣ ድንኳን ተውሶ ውሃው ጫፍ ላይ ተከለው። ኑርሀያት ራቅ አድርገው ብትለው፣ «ደመና የለ፣ ዝናብ የለ፤ ከየት መጥቶ ይሞላል?» አላት። እኔም እንዳንተው የቦርከና ወንዝ ዳር ልጅ ነኝና ደገፍኩት።

የዐስርን ሶላት ሰግደን ዞር ስንል ድንኳኑ ሩዛችንን እንደያዘ ተንሳፍፏል። ጁሀር እስከ ደረቱ ገብቶ ገመዱን ያዘ። «ይሄ ከጠፋ ካፊሌ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ የሚል ሰው አይደለም።»

«ደመና አልነበረም በለው» አለችው ኑርሀያት፣ ሌላውን ጫፍ እየጎተተች።

ድንኳኑ ተረፈ። ለካ ባሕር ያለ ዝናብም በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሩዙ ጨው በዝቶበታል፤ እየበላን ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ቦርከናንም፤ እሱ ቢያንስ ሲመጣ ያጓራል።