ወንድምሽን ወፈርክ አትበይው

ልጄ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። ሰባ ስምንት ሞላኝ፤ ዛሬም ያለ መነጽር ክር በመርፌ አስገብቼ የሰው ሱሪ እሰፋለሁ። አዲሱ ኪኒን ወንድምሽን ጆሮው ላይ ከሚጮኹበት ድምፆች ገላገለው። ግን ቀን ሙሉ ይተኛል፣ በልቶ አይጠግብም፣ ሰውነቱም ተነፋ።

አንቺ ለደግ ብለሽ በስልክ «ወፈርክ፣ ተስማምቶሃል» አልሽው። እሱ ሳቀልሽ፤ ከዚያ ኪኒኑን እየደበቀ ይተፋ ጀመር። ድምፆቹ ሲመለሱበት እኔን አባቱን «አንተ ሰውዬ፣ ከቤታችን ውጣ» አለኝ።

አሁን ኪኒኑን እንደገና ይውጣል። መወፈሩን እንዳያይ፣ ሲተኛ የሱሪውን ወገብ ፈትቼ አሰፋለታለሁ። ያወቀብኝ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ይለብሰዋል። እናትሽ ብትኖር የምትለው አይጠፋትም ነበር።

እባክሽ ስትደውዪ ስለ ሰውነቱ አታንሺበት፤ ናፈቅኸኝ ብቻ በይው። ዕድሜ ይስጥሽ። ብር አትላኪ። ዕዳዬን እኔው እከፍላለሁ፤ የመድኃኒት ቤቱን፣ የክር ነጋዴውን፣ ለወንድምሽም ሲያገባ ልሰፋለት ቃል የገባሁለትን የሠርግ ሱፍ።