የረቡዕን ስንቅ ማን በላው?

ጉለሌ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ መሸሻ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? ከስብሰባው ብዛት ድምፅዎ እንዳይዘጋ፣ እኛን ከመጠበቅ ብዛትም ዓይንዎ እንዳይደክም ከልብ እመኛለሁ። እኔ ይገዙ ወልዱ፣ ጡረታ የወጣሁ የፖስታ ቤት ጸሐፊና የብርቅነሽ አባት፣ ስለ ውለታዎ በሕዝብ ፊት ላመሰግንዎ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

፩. ልጄ በሂሳብ ደብተሯ ላይ ስለሌለ አገር ልብ ወለድ ስትጽፍ ከረመች። በዚያ አገር ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥር ይጠራል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያዳምጣል፤ በስብሰባ ላይ ቀድሞ ማጨብጨብ ያቆመ ሰው ለምን እንዳቆመ ይጠየቃል፤ የተወሰደ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይፋቅና እናቱ እንኳ ወልጄው ነበር ማለት ትፈራለች። እኔ አንብቤው ትንሽ ተጋኗል ብያት ነበር። እርስዎ ግን ደብተሩ በፍተሻ እንደተገኘ፣ አገሩ የእኛው ቀበሌ መሆኑን በአንድ ንባብ ለይተው ልጅቷን አሰሩልኝ። እንዲህ ያለ አስተዋይ አንባቢ ለስንቱ ጸሐፊ ይገጥመዋል? በየትኛው ምልክት እንዳወቁት ቢነግሩን ሁላችንም በተማርን ነበር።

፪. ስንቅ እንድናቀብል ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ምሳ ዕቃውን ለጥበቃው እሰጣለሁ፤ አመሻሽ ላይ ባዶውን እቀበላለሁ። ልጄን አንድ ቀን አላየኋትም። ምሳ ዕቃው ባዶ ከሆነ ግን በልታለች፣ በልታ ከሆነም አለች እያልኩ ስጽናና ኖርኩ።

፫. ባለፈው ረቡዕ ባለቤቴ ወለተማርያም ታማ ስለተኛች ስንቁን የቋጠርኩት እኔ ነበርኩ። ቀኑን ስቼ የማክሰኞውን ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ላክሁ። ስህተቴን ያወቅሁት ምሳ ዕቃው የተጋጠ አጥንት ብቻ ይዞ ሲመለስ ነው። ብርቅነሽ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን ጾማለች፤ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እንኳ ሐኪሙ ያዘዘላትን ወተት ዓርብ ነው ብላ አልቀምስም ብላለች። ርቧት ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዓርብ ዕለት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሆን ብዬ ሥጋ ላክሁ። እሱም ተበላ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ ለምግቡ አላዝንም፤ አብዮት ጠባቂም ይርበዋል። ለቅሶ ልቀመጥ ወይስ ነገ ስንቅ ልቋጥር፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ። የዕድራችን ዳኛ ድንኳን ይተከል እንደሆነ ቢጠይቁኝ ጓድ ሊቀመንበርን ልጠይቅ አልኳቸው። ባለቤቴ ደግሞ ወጡ ለልጇ ጣፍጧት እንደሆነ በየቀኑ ከአልጋዋ ትጠይቀኛለች፤ ጣፍጧታል እላታለሁ። ከዚህ በላይ መዋሸት አቅቶኛል። ሞታም ከሆነ ሞታለች ይበሉኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

እጁ ቢዝልም እስካሁን ማጨብጨቡን ያላቋረጠው ታዛዥዎ፣
ይገዙ ወልዱ
በመዝገብዎ፦ የቤት ቁጥር ፬፻፲፪

ግልባጭ፦ እሁድ ድረስ ከሰነበትኩ፣ ለዕድራችን አባላት የሚነበብ።

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለጥበቃው አልሰጠሁትም፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ከዛሬው እንጀራ ሥር አኑሬዋለሁ። ብርቅነሽ ካገኘችው የአባቷን ጽሑፍ አይታ ትስቃለች። እርስዎ እጅ ከገባ ግን መልስ ለመጻፍ አይድከሙ፤ እኔን የሚይዝ ሰው ሲልኩ መልሱ ደርሶኛል።