«አርፌያለሁ» አትበይኝ

ልጄ ዕፀገነት፣ አምላክ አብራሪነት ከምትማሪበት ከኬንያ ሰማይ በደህና ያውርድሽ። ነገሌ ዘንቦ ሜዳው ለምልሟል። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልም ደህና ነኝ።

ትናንት አንዲት ትንሽ የግል አውሮፕላን እዚህ ስታርፍ ጎማዋ ተሰብሮ ተገለበጠች። ጎረቤታችን ዱባ እየሮጠ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አብራሪው አረፈ!» አለኝ።

«ወረደ ነው ወይስ ሞተ? አጥርተህ ተናገር እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ናጋ ነው ጋሼ፣ ደህና ነው! ሻይ እየጠጣ ነው። እርስዎን ምን አስቆጣዎት?»

ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ «አርፌያለሁ» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ይህ ቃል በዚህ ቤት የእናትሽ ነው። እባክሽ ልጄ፣ ከእንግዲህ «ገብቻለሁ» በይኝ። ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ።

አባትሽ ፍስሐ