ጣቴና ስሜ

ሰኞ
ጡረታውን ሳልቀበል ተመለስኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ስሜን ጻፍኩ።
ባለቤቴ አሥር አለቃ ሀመሶ ሰሜን ግንባር ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። በየወሩ በአውራ ጣቴ እየፈረምኩ ነበር የምቀበለው። ዛሬ እስክሪብቶ ለመንኩና “ዘነበች ላላንጎ” ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፣ ግን ይነበባሉ። ባለመነጽሩ ጸሐፊ ማኅደሩን አየ፣ እኔን አየ።
“እናቴ፣ የሀመሶ ሚስት መጻፍ አትችልም። እርስዎ ማን ነዎት?”
ከኋላዬ አንዷ፣ “ፊደል ቆጥራ ከባሏ ተፋታች” አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።
እስከ ዓርብ የቀበሌ ማስረጃ ካላመጣሁ ገንዘቡ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ማክሰኞ
የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ታቦር ተራራ ሥር እስካለው ቀበሌ ድረስ ሽቅብ የወጣሁት በከንቱ።
የሀመሶን ደብዳቤዎች አወጣሁ። ድሮ የምታነብልኝ ጎረቤቴ አስካለ ነበረች። “ናፍቀሽኛል” የሚለው ላይ ስትደርስ ትስቃለች፣ እኔ አፍራለሁ። ብቻዬን ላነባቸው ብዬ ነው ፊደል የለየሁት፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከሳሙና ካርቶን። ማንበብ ስጀምር እሱ አልነበረም።
ዛሬ አስካለ ዘልላ ያለፈችው መስመር አገኘሁ፦ “ሐይቅ ዳር ዓሣ የበላን ቀን የለበስሽውን ቀሚስ እንዳትሸጪው።”
ሸጬዋለሁ።

ረቡዕ
የሚያስፈልገኝ፦ ሁለት ምስክር፣ ማኅተም፣ ትዕግሥት።
አስካለ ልትመሰክርልኝ እሺ አለች። “አርፈሽ ጣትሽን ቀለም ብታስነኪ ምን ነበረበት? አሁን መጻፉ ምን ጠቀመሽ?” አለችኝ። ስለዘለለችው መስመር ግን አልጠየቅኳት። ሀመሶ በሕይወት ሳለ የሁለት ዓመት ደብዳቤ ያነበበችልኝ ሴት ናት።

ሐሙስ
አስካለና ሌላ ጎረቤት መሰከሩልኝ፤ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መታልኝ። “እንኳን ተማርሽ፣ ጓድ ዘነበች” አለኝ። ፈገግ ሳልል አልቀረሁም።

ዓርብ
ጸሐፊው ማስረጃውን አንብቦ፣ “ለማስተያየት ጣትዎን እዚህ ይጫኑ” አለኝ። ማኅደሩን ከፊቴ ገለጠው። ሀመሶ ሲዘምት ወራሹ እኔ መሆኔን ያስመዘገበበት ወረቀት ነው። ያን ቀን ጣቴን ይዞ የጫነው ራሱ ሀመሶ ነበር፣ “አትፍሪ፣ አያምም” እያለ። አጥብቆ ስለተጫነው ቀለሙ ወደ ጎን ፈስሷል።
ጫንኩ። ጸሐፊው ሁለቱን አሻራዎች አስተያየና፣ “እርስዎ ነዎት” አለ። ገንዘቡን ሰጠኝ። “ከእንግዲህስ? በጣት ነው በፊርማ?”
ሰልፉ ይጠብቃል።
“በፊርማ” አልኩት። “የድሮውን የጣቴን ወረቀት ግን ትጥሉታላችሁ?”
“ኧረ የለም፣ ማኅደሩ ውስጥ ይቆያል።”
ይቆይልኝ።