ስለ «ጋሽ እርሾ» ዕረፍትና በፋይላቸው ስለቆየው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

የምግብ ጥራት ላቦራቶሪያችን አንጋፋ ባለሙያ፣ ሁላችንም «ጋሽ እርሾ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ በድንገት ታመው፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ተቋሙ በሞታቸው ከልብ ያዘነ መሆኑን ለሠራተኞቹ፣ ለጭማቂ አምራቾችና ለሕዝብ ያስታውቃል።

በ1986 ዓ.ም. በናሙና ተቀባይነት ተቀጠሩ። ከየፋብሪካው የሚመጡ ጠርሙሶችን እያጠቡና ቁጥር እየለጠፉ በማታ ትምህርት ተመረቁ።

በ1999 ዓ.ም. በፖም ጭማቂ ውስጥ የሻጋታ መርዝ በተደጋጋሚ ተገኘ። ማፍላት ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋም። ጋሽ እርሾ በሙቀት የተገደለ እርሾ ፈልቶ በቀዘቀዘ ጭማቂ ውስጥ ሲጨመር፣ መርዙ እርሾው ላይ ተጣብቆ አብሮ እንደሚጣራ በሁለት ዓመት ሙከራ አሳዩ። የፋብሪካ ሰዎች «ጋሽዬ፣ የሞተ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው?» ሲሏቸው፣ «የሞተ ሠራተኛ ፈቃድ አይጠይቅም» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ዘዴው በሦስት ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ከተገደለው እርሾ ጥቂት ተወስዶ በማሳደጊያ ሳህን ላይ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ምንም ካልበቀለ ብቻ ቀሪው ወደ ጭማቂው ይገባል። በቴርሞሜትር ብቻ አምነው ፈርመው አያውቁም።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ፋብሪካ ስለቸኮለ የወቅቱ የተቋሙ አመራር ሦስቱ ቀን እንዲዘለል አዘዘ። ጋሽ እርሾ በቃልም በጽሑፍም ተቃወሙ፤ እርሾው ግን ሳይፈተሽ ወደ ጭማቂው ገባ። እርሾው በሙሉ አልሞተም ነበር። ከማጣሪያው ያመለጠው ጭማቂውን መጋዘን ውስጥ አብላላው፤ ጠርሙሶች ፈነዱ፤ አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ የግራ ዓይናቸውን አጡ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈው ግን ለጋሽ እርሾ ነው።

ደብዳቤው እንዲነሣላቸው አራት ጊዜ አመለከቱ። አራቱንም ጊዜ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ተብለዋል። በዚሁ ምክንያት የክፍል ኃላፊነት ሳያገኙ ቀሩ። የመጋዘን ሠራተኛዋን እስካለፈው ወር ድረስ ቤታቸው እየሄዱ ይጠይቁ ነበር።

ሐሙስ ለቅሶ የደረሱትን ኃላፊዎች ታላቅ ልጃቸው «የአባዬን ደብዳቤ አነሣችሁለት?» ስትል ጠየቀች።

አርብ ጠዋት ፋይላቸው ወጥቶ ታየ። አደጋው ከመድረሱ ዘጠኝ ቀን በፊት የጻፉት ተቃውሞ፣ ገቢ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከማስጠንቀቂያው ጀርባ ተያይዞ ተገኝቷል። ተቋሙ ማስጠንቀቂያውን ሰርዟል። ጥፋቱም የአመራሩ እንጂ የእሳቸው እንዳልነበር በዚህ መግለጫ ያረጋግጣል።

በማክሰኞው ዕለት ሳህን ላይ ያስቀመጡት ናሙና ሦስት ቀኑን ጨርሷል። ምንም አልበቀለም።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ልጆቻቸው፣ ለእኅታቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን እንላለን። የስረዛው ደብዳቤ ለታላቅ ልጃቸው በእጅ ይሰጣል። የተቋሙ ደንብ አንድ ግልባጭ ለራሱ ለሠራተኛው እንዲደርስ ያዛል፤ ያን መፈጸም አልቻልንም።

የተቋሙ ሥራ አመራርና ሠራተኞች