በወርቅ መፈተኛ ድንጋይ ስለተፋቀችው ክሪስታል

ለክቡር የምሥራቅ በር ጭነት ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦሌ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የክረምቱ እርጥበት ጤናዎን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእኛን ዕቃ ነክቶታልና። እኔ የፊዚክስ መምህርቷ ዕፀገነት ነኝ፤ የምጽፍልዎም የዶክትሬት ተማሪዬ ይሕደጎ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ወደ ውጭ ሊልካት ስላቀረባት፣ ምስር ስለምታህል አንዲት ጥቁር ክሪስታል ነው።

ክሪስታሏ የመዳብ ኦክሳይድ ዘር ስትሆን፣ በብርቱ ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት ታሳልፋለች። ምክንያቱን ለማወቅ ብርሃን እየለቀቁባት ከውስጧ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች መለካት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው እኛ ዘንድ ስለሌለ ይሕደጎ በአንድ የውጭ ቤተ ሙከራ የአምስት ቀን ተራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቋል። ክሪስታሏን ሲያሳድግም መብራት እየጠፋ ምድጃው እየቀዘቀዘበት አሥራ አንድ ጊዜ ከሽፎበት በአሥራ ሁለተኛው ተሳክቶለታል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

፩. «አይከፈት፤ እርጥበት ያበላሸዋል» የሚለውን ጽሑፍ አንብበው፣ ካነበቡም በኋላ ክሪስታሏ የታሸገችበትን ቱቦ ስለከፈቱት ባለሙያዎችዎ ትጋት አመሰግናለሁ።

፪. ማመልከቻችን ላይ «መዳብ» የሚል ቃል በማየታቸው ማዕድን የምናሸሽ መስሏቸው፣ ክሪስታሏን እንደ አንጥረኛ በወርቅ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፍቀው ወርቅ አለመሆኗን ስላረጋገጡልን ባለውለታዎቻችን ናቸው። ወርቅ ናት ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

፫. ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ሠላሳ አራት ቀን ስላቆዩልንም እንዲሁ። ተራችን ያለፈው በሃያኛው ቀን ነው።

ስንረከባት በጣት ስትነካ ተፈረፈረች። ይሕደጎ አልተቆጣም፤ ፍርፋሪውን በደረሰኙ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እኔ ግን እዚያው መስኮትዎ ፊት አለቀስኩ፤ ይህን በጨዋ አማርኛ የማለዝብበት መንገድ አላገኘሁም። ቀጣዩ ተራ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ለዲግሪው የሰጠው ጊዜ ደግሞ አብቅቷል።

ማኅተምዎ ቀለም አይጣ፣ ወንበርዎም ባለቤት አይጣ እያልኩ፣ ለሠሩልን ሁሉ በትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ዶክተር ዕፀገነት ተስፋጽዮን

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር የፊዚክስ ምሩቅ ፈልጋችሁ ባወጣችሁት ማስታወቂያ ተወዳድሮ፣ ሰኞ ዕለት በእርስዎ ሥር በፍተሻ ሠራተኝነት የጀመረው ይሕደጎ ነው። ለምን እንደተቀጠረ ብጠይቀው፣ «ቢያንስ አይከፈት የተባለውን አልከፍትም» አለኝ። በዚህ ጥፋት እንዳያባርሩብኝ አደራ።