ባሩድ የሌለው ጠመንጃ

ካሩዥ፣ ጄኔቭ፣ እሑድ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.

ከሁሉ አስበልጬ ለምወድሽ ባለቤቴ፣ ለየወይኔ፣

ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጃችን ብፅዓትስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እኔ በሕይወት አለሁ። ቀኝ ጆሮዬ ብቻ ይጮህብኛል፤ ሐኪሙ ከጊዜ ጋር ይተውሃል ብሎኛል። በስልክ ስትጠይቂኝ «ሁሉም ደኅና ነው» እያልኩ ሦስት ሳምንት አታለልኩሽ። ድምፅሽን እየሰማሁ መናገር ስላቃተኝ ነው። አሁን የሆነውን ሁሉ ልጻፍልሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አገር ለቅቄ ስወጣ ዳግመኛ ጠመንጃ እንደማልነካ ፊትሽ ምዬ ነበር። ያኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ በዚያ በጥቅምት፣ የፖሊስ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበርኩና ጠረጴዛዬ ላይ የደረደሩልኝን አንድ በአንድ ጠግኜ አስረከብኩ። አለቃዬ «ለነገ ይድረሱ» አለ፤ እኔም አደረስኩ። በማግሥቱ የሰፈራችን ልጆች አስፋልት ላይ ወደቁ። በእኔ እጅ ባለፈው ይሁን በሌላ፣ የሚያውቀው አንድ አምላክ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ሥራ መግባት አቃተኝ፤ ሲፈልጉኝም ተሰደድኩ።

እዚህ ጄኔቭ ሦስት ዓመት ኦ ቪቭ ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጠብኩ። ዛሬ ይጠሩኛል፣ ነገ ይተዉኛል። እንደ እኔ ፔርሚ ኤፍ የሚሉትን ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ የያዘ ሰው ደግሞ ቋሚ የሥራ ውል ካላሳየ ሚስቱንና ልጁን ማምጣት አይፈቀድለትም። ሙሴ ሬኔን ያገኘኋቸው ተስፋ ቆርጬ ሳለ ነው። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ከቤታቸው ሥር ትንሽ ወርክሾፕ ያላቸው ሰው ናቸው። የጥንት የአየር ጠመንጃ ይሰበስባሉ።

«ጠመንጃ አልነካም፤ ምያለሁ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ይኸኛው እኮ ባሩድ አያውቅም» አሉኝ። «ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኦስትሪያ ወታደር ተዋግቶበታል፤ መኳንንቱም አጋዘንና ከርከሮ አድነውበታል። እሳት የለው፣ ጭስ የለው። ሰደፉ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው።»

አየር ብቻ ከሆነ መሐላዬን አላፈረስኩም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰደፉ፣ የወይኔ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ገምቦ በይው። ፈትተሽ በእጅ ፓምፕ ትነፊዋለሽ፤ እስኪሞላ ከሺህ ጊዜ በላይ ነው። ከዚያ መልሰሽ ታስሪውና ሃያ ጥይት በተርታ ይተኩሳል። ወታደሮቹ በመጨረሻ የተዉት ቶሎ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ነው ይላሉ። አንድ ዓመት ሙሉ የደረቀ ቆዳ ስቀይር፣ ዝገት ሳወጣ ከረምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሥራውን ወደድኩት።

አርብ ጥቅምት 5 ቀን ከጠመንጃዎቹ ምርጡን ይዘን ዙሪክ ወዳለ ገዥ በባቡር ሄድን። በመንገድ ላይ ሙሴ ሬኔ ጉልበቴን መታ አድርገው «ሰኞ ቋሚ ውልህን እፈርማለሁ፤ ለሚስትህ ንገራት» አሉኝ። ለዚህ ነው ከባቡሩ ውስጥ የደወልኩልሽ።

ገዥው ጠመንጃውን አገላብጦ ካየ በኋላ «ሲተኩስ ካላየሁ አልወስድም» አለ። ግቢው ውስጥ ወፍራም የእንጨት ሳንቃ አቆመ። እኔ መንፋት ጀመርኩ። ስድስት መቶ ስደርስ ሙሴ ሬኔ አንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ጥይቱ ሳንቃውን ሳይበሳ ቀረ። ገዥው ከንፈሩን ነከሰ።

«ኅሩይ፣ ሙላው» አሉኝ።

መንፋቴን ቀጠልኩ። ዘጠኝ መቶ ሳልፍ ብረቱ እጄ ላይ ሞቀ፤ ብየዳው ያለበት ቦታ ጠጠር እንደሚረገጥ ዓይነት ድምፅ አሰማ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ።

«ሙሴ ሬኔ፣ ይበቃል። ብረቱ እየለቀቀ ነው።»

ገዥውን አዩት፤ መልሰው እኔን አዩኝ። በሰው ፊት ያሳፈርኳቸው መሰለኝ። «አንተ ንፋ» አሉ፣ ዝግ ብለው።

እኔም ነፋሁ። ሌላ መቶ፣ ሌላ ሃምሳ። ከዚያ በገዛ እጄ አቀበልኳቸው። ሰደፉን አስረው፣ ጉንጫቸውን አስጠግተው አነጣጠሩ። ቃታውን ገና ሳይስቡት ፈነዳ። ስነሳ ጆሮዬ ምንም አይሰማም፤ እሳቸው በጀርባቸው ወድቀዋል። የሚደማ አንገታቸውን በሁለት እጄ ይዤ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ «ማነው የሚረዳኝ» እያልኩ በአማርኛ እጮህ ነበር አሉ። ማን ይስማኝ?

አምስት ቀን ሆስፒታል ቆይተው ዐረፉ። ፖሊስ ጠይቆኝ ጥፋት የለብህም ብሎ ለቀቀኝ። ቀብሩ ላይ ልጃቸው ኢዛቤል መጣችና እጄን ያዘችኝ። አልተቆጣችም።

«አባቴ እንዳስጠነቀቅከው ነግሮኛል» አለችኝ። እጄን ሳትለቅ «ታዲያ ለምን ነፋህ?» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አንገቴን ደፋሁ። ለአንቺም ቢሆን መጻፍ አልችልም፤ አትጠይቂኝ።

ወርክሾፑ ተዘግቷል። ጠመንጃዎቹን ልጃቸው ለሙዚየም ልትሰጣቸው ነው። ሰኞ ሊፈረም የነበረው ውል ጠረጴዛቸው ላይ ተገኝቷል፤ ስሜ በትክክል ተጽፎበታል፤ ፊርማ ግን የለበትም። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄጄ ለጸሐፊዋ አሳየኋት። ሁለቴ አነበበችው። «አዝናለሁ፤ ያልተፈረመ ወረቀት ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበረ፤ ምን ልበላት? እናንተን ለማምጣት ያስገባሁት ማመልከቻ ትናንት በፖስታ ተመልሷል። እንደገና ሥራ ሳገኝ እንደገና ማመልከት እችላለሁ ይላል።

ብፅዓት የቅዳሜውን ፈረንሳይኛ ትቀጥል ወይ ብለሽኝ ነበር። አስተማሪዎቿ ጎበዝ ናት ማለታቸው አኩርቶኛል። ግን ቅዳሜዋን ሁሉ እሱ ላይ ከምትጨርስ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወትበት። አንቺም ለእኅትሽ ላስረክብ ያልሽውን ሱቅ አታስረክቢ። ጥሩ ሱቅ ነው፤ ደንበኞችሽም ይወዱሻል።

ቅዱስ ገብርኤል በክንፉ ይከልላችሁ። ልጄን ግንባሯ ላይ ሳሚልኝ።

ያንቺው ኅሩይ